የተቃናው ሚስማር

ከከሚሴ ወረድ ብሎ፣ የጨፋ ሜዳ በሚጀምርበት ጥግ፣ አንድ ቅሬ፣ እንደ እድር ያለ የመንደር ማኅበር፣ ነበረ አሉ። ቅሬው ትንሽ ነው፤ ኩራቱ ግን ትልቅ። ለቀስተኛ የሚቀመጥበት፣ ድስትና ድንኳን የሚቀመጥበት፣ ሰርግ ሲኖርም ሙሽራ የሚታጀብበት ይሁን ብሎ ለዓመታት መዋጮ ሰብስቦ አዳራሽ ሠራ። ግድግዳው ጭቃ፣ ቋሚው ባሕር ዛፍ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ቆርቆሮው ሲያበራ በአስፋልቱ ወደ ደሴ የሚያልፈው የአውቶቡስ ተሳፋሪ ሁሉ አንገቱን ያዞር ነበር ይላሉ። ተሳፋሪው ምን እንዳየ እሱ ያውቃል፤ እኛ የሰማነው ከባለቤቶቹ ነው።

በሩን ወደ ሜዳው ያዞረው የቅሬው ዳኛ ነው። «እንግዳ ከሩቅ ይየው» ብሎ ሰፊ፣ ባለ ሁለት መዝጊያ በር አስከፈተ።

ከአዳራሹ ጎን የአንዲት ባልቴት ጎጆ አለች። ሣር ክዳን፣ ሾጣጣ፣ ጭስ ያጠቆራት። አዳራሹ የተመረቀ ዕለት ጎረምሶቹ ሞቅ ብሏቸው «እማማ፣ እቺን አፍርሰን ለአንቱም ቆርቆሮ እናልብስልዎ?» አሏቸው።

«ቆዩ እስቲ፣ መጀመሪያ የእናንተ ትክረም» አሉ።

በሚያዝያ ነው። ቀኑ ሲያልብ ዋለ። ወደ ማታ ከሜዳው ማዶ አቧራ ተነሣ፤ ከአቧራው በኋላ ንፋስ፣ ከንፋሱ በኋላ ዝናብ። ቆርቆሮው ሌሊቱን ሲያጨበጭብ፣ ሲያጨበጭብ አደረ። ሲነጋ የጣሪያው እኩሌታ የለም። ገሚሱ በታረሰው ማሳ ላይ ተበትኗል፤ አንዱ እንዲያውም ቦርከና ወንዝ ዳር ተገኘ።

«የአላህ ሥራ ነው፤ ምን ይደረጋል» አለ ዳኛው። ዱዓ ተደረገ። ከዱዓው በኋላ ጅጌ፣ ደቦ ማለት ነው፣ ተጠራ። ጎረምሳው ቆርቆሮ ሰበሰበ፣ ሴቶቹ ቡና አፈሉ፣ ልጆቹ ሚስማር ለቀሙ።

ሚስማር ማቃናት የልጅ ሥራ ነው። ልጁ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይፈልጋል። የጎበጠውን ሚስማር ጉብታውን ወደ ላይ አድርጎ ያጋድመዋል። በመዶሻ ቀስ አድርጎ ጠቅ፣ አገላብጦ ጠቅ፣ ወደ ፀሐይ አንሥቶ በአንድ ዐይኑ ያየዋል፤ እንደገና ጠቅ። አንገቱ ላይ የቆርቆሮ ቅዳጅ ቀርቶ እንደሆነ በጉጠት ነቅሎ ይጥለዋል። ጎማው ተሰንጥቆ እንደሆነ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ክብ ቆርጦ ያለብሰዋል። ከዚያ ወደ ሳልሳ ጣሳው፣ ቀጭ! በዚያ ቅሬ ጣቱን ያልቀጠቀጠ ልጅ የለም፤ እናቶችም በልጃቸው ጣሳ ይፎካከራሉ።

ከልጆቹ መሀል አንድ ሰነፍ ነበረ። ይህ ልጅ ከበሩ አጠገብ ካለው ጥግ በስተቀር ሌላ ቦታ አይለቅምም፤ እዚያ የግራር ጥላ አለና። ለቅሞም አያቃና። ጣሳውን ከነጉብጡ፣ ከነቅዳጁ ከአልጋ ሥር ይገፋና ከብት ጥበቃ ይሄዳል። እናቱ «ሥራህን ጨረስክ?» ስትለው «ኢንሻ አላህ» ይላታል።

ጁምዓ ሳይደርስ ጣሪያው ተመልሶ ተመታ። እንዲህ ያለ ቀልጣፋ ቅሬ የት ይገኛል!

የቅሬው ወጣት አናጢ ግን «ቆርቆሮው ሳስቶ ነው እኮ» አለ። «ባለ 32 ጌጅ ገዝታችሁ ምን ትጠብቃላችሁ? ባለ 28 ቢሆን ኖሮ!» እውነቱን ነው፤ ባለ 28ቱ ይወፍራል። እንደገና መዋጮ። ወፍራሙ ቆርቆሮ መጣ፤ ሚስማሩም በእጥፍ ተመታ።

ዓመት ዞሮ ሰኔ ሲገባ ንፋሱ ተመልሶ መጣ። በዚህ ጊዜ አንዲት ቆርቆሮ አልተቀደደችም። ከነማገሩ ተገንጥሎ ሄደ እንጂ። ወጣቱ አናጢ ማሳው ላይ ቆሞ፣ «ዐያችሁ የእኔን ምት? ቆርቆሮው ከማገሩ ንቅንቅ አላለም!» ብሎ ፎከረ። እውነትም አላለም። ጅጌ ተጠራ፣ ልጆቹ አቃኑ፣ ማገሩ ከወራጁ ጋር የጣት ርዝመት ባለው ሚስማር ተጠረቀ። አሁንም ጁምዓ ሳይደርስ።

ባልቴቷ ከጎጇቸው ደጃፍ ሆነው ያያሉ። «ልጄ፣ አንተ ከላይ ስታጠብቅ እሱ ከታች ይፈታልሃል» አሉት።

«እማማ፣ አንቱ ደግሞ ቡናዎን ያፍሉ» አላቸው። አፈሉ፤ እሱም መጥቶ ጠጣ።

በሦስተኛው ዓመት፣ ግንቦት ላይ፣ ጣሪያው ሙሉውን ተነሣ። ቆርቆሮ፣ ማገር፣ ወራጅ፣ ምንም ሳይጎድል ተነሣ። አየር ላይ ተገለበጠና ግጦሹ ላይ አረፈ። ከሥሩ ጊደር ነበረች።

የጊደሯ ጌታ ድሃ ነው። ሌላ ጊደር የለውም። ወደ ቅሬው መጣና «ጊደሬን» አለ፤ ከዚህ የተረፈ ቃል አልተናገረም።

ከዋርካው ሥር ተቀመጡ። ዱዓ ተደረገ፣ ቡና ወረደ። ዳኛው ጋቢውን ሰብሰብ አድርጎ «ጊደሯን የገደላት ንፋስ ነው፤ ንፋስ ደግሞ አይከሰስም» አለ።

ባለ ጊደሩ «ንፋስ ጣሪያ የለውም» አለ። «ጣሪያው የቅሬው ነው።»

ሰው ሳቀ። ዳኛው አልሳቀም።

ወጣቱ አናጢ ተነሥቶ፣ «እኔን እንደሆነ አትዩኝ! ሂዱና ጣሪያውን እዩት፤ አንድ ሚስማሬ አልተነቀለም» አለ።

«ታዲያ ምኑ ተነቀለ?» አለው ባለ ጊደሩ።

ለዚህ መልስ የሚሰጥ ጠፋ። አንዱ ጂን ነው አለ፤ አንዱ የመዋጮ ገንዘብ ላይ ሐራም ገብቶበታል አለ፤ አንዱ ቦታው ራሱ ደህና አይደለም፣ እንንቀለው አለ። ኋላ ላይ አንድ ሽማግሌ አናጢ ይጠሩልን ተባለ። ዐይናቸው ደክሟል፤ የልጅ ልጃቸው ክንዳቸውን ይዛ አመጣቻቸው።

«አባባ፣ አንቱ ይፍረዱልን» አላቸው ዳኛው።

«ፍርዱስ የዳኛ ነው። እኔ ምስክር ልስማ።»

«የሆነው ሌሊት ነው አባባ። ያየ የለም።»

«ሚስማሩ እዚያው አልነበረም?»

ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ሽማግሌው ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁና «አምጡልኛ» አሉ።

ጣሳው መጣ። የዚያኑ ዕለት ጠዋት የተቃና፣ በርዝመቱ የተለየ፣ አንገቱ የጸዳ ሚስማር። ሽማግሌው አንዱን አነሡና በአውራ ጣታቸው ከራሱ እስከ ጫፉ ዳሰሱት። አስቀመጡት። ሌላውን ዳሰሱ። አስቀመጡት። እንዲህ እያሉ ሲቀጥሉ ሰው ተሰላቸ፤ ቡናው ቶና ደረሰ።

«ይሄ ከየት የወጣ ነው?» አሉ በመጨረሻ።

«ከጣሪያው ነዋ፣ አባባ።»

«ከጣሪያው የቱ ላይ? ከማገሩ ነው ከወራጁ? ከበሩ ወገን ነው ከጓሮው?»

ዝም።

«ሲገኝ ወዴት ጎብጦ ነበር?»

ዝም።

«ምስክር አምጡ ብላችሁ፣ አፉን መትታችሁ፣ ፊቱን አጥባችሁ፣ ቃሉን አስጠንታችሁ አመጣችሁልኝ። ይኸው ሁሉም አንድ ቃል ነው የሚለኝ። ‹ደህና ነኝ› ነው የሚለኝ።»

ከሴቶቹ ወገን አንዲት እናት ሻሿን እያስተካከለች አጉረመረመች። «የእኔው ልጅ እኮ…» አለችና በኀፍረት ተወችው። ግድ ሲሏት ተነሥታ ሄደችና ከአልጋ ሥር ሦስት ጣሳ ይዛ መጣች። ሸረሪት አድርቶባቸዋል። ሰው ሁሉ ልጁ ሊገረፍ ነው ብሎ ጠበቀ።

ሽማግሌው ቀጥ ብለው ተቀመጡ። «ና ወዲህ። ሦስቱም የየትኛው ዓመት ነው?»

«አንዱ ያኔ ቆርቆሮው ቦርከና ዳር የተገኘ ጊዜ ነው። አንዱ ያምና። አንዱ የአሁኑ።»

«የት ነው የለቀምከው?»

«ጥላው ጋ። በሩ ጥግ።»

«ሌላውስ ጋ?»

«ሌላው ፀሐይ ነው።»

ሽማግሌው «መሻላህ» አሉ። ሰሌን አስነጠፉና የየዓመቱን ለየብቻው አስደረደሩ። እሳቸው ይዳስሳሉ፤ ልጁ ያያል።

«ከመጀመሪያው አንሣ። አንገቱ ላይ ምን አለ?»

«ቆርቆሮ። ተቀዶ የቀረ።»

«የቅዳጁ ጠርዝ ምን ይመስላል? ሁሉም አንድ ነው?»

ልጁ ወደ ፀሐይ አነሣው። «የለም። ወደ ሚስማሩ ያለው ዝጓል። ዳሩ ግን አዲስ ነው፤ ያብረቀርቃል።»

«እንግዲያው በዚያች ሌሊት አልተቀደደም» አሉ ሽማግሌው። «ትንሽ ትንሽ ሲሰነጠቅ ከርሟል። በነፈሰ ቁጥር ቆርቆሮው ብድግ ቁጭ ሲል፣ ሲል፣ ሚስማሩ ሥር ደከመው። ያች ሌሊት የቀረውን ጨረሰችው። ወፍራም መግዛታችሁ ደህና። ያምናውን አንሣ።»

«ይሄ አልጎበጠም። ቀጥ ያለ ነው፤ ምንም የለበትም።»

ሽማግሌው ወደ ወጣቱ አናጢ ዞሩ። «ልጄ፣ እንጨቱን መች ነበር የቆረጥከው?»

«በዚያው ሳምንት አባባ። ጁምዓ እንዳይደርስብን ብለን።»

«እርጥቡን መታኸው። ሲደርቅ ጨበጣውን ለቀቀ። ሚስማሩ ሳይጎብጥ የወጣው የያዘው ስላልነበረ ነው። የአሁኑን።»

የአሁኑ ጣሳ ጥቂት ነው። አጫጭር፣ ሁሉም የጎበጠ።

«ይሄ ከየት ነው?»

«ወራጁ ግድግዳው ላይ ከሚያርፍበት።»

«ስንት ስንት መታህበት?» አሉ ወጣቱን።

«ሁለት ሁለት።» ወጣቱ አሁን ድምፁ ዝቅ ብሏል። «ክብደቱ ይበቃዋል ብዬ ነው አባባ። ጣሪያ ይወድቃል ብዬ እንጂ ይነሣል ብዬ አላሰብኩም።»

«ማንም አያስብም። ወዴት ነው የጎበጠው?»

«ወደ ላይ» አለ ልጁ። «ወደ ውጭ።»

«ከላይ ስቦት ብቻ ከሆነ ይኼን ያህል አይሄድም። ከውስጥም የገፋው አለ። ማን አስገባው?»

ሰው ሁሉ ዘወር ብሎ የአዳራሹን በር አየ። በሩ አፉን ወደ ሜዳው ከፍቷል። መዝጊያ የለውም። ሁለቱም መዝጊያዎች ለዳኛው ልጅ ሰርግ መድረክ ሊሆኑ ተነቅለው እንደሄዱ ያን ጊዜ ሁሉም አስታወሰ። ዳኛው ከጋቢው ላይ አቧራ አራገፈ። አቧራ አልነበረበትም።

ጫጫታ ሆነ። «እንግዲያው የሚከፍለው እሱ ነው!» ያልተባለ የለም። ሽማግሌው እጃቸውን አነሡ። «ቆዩ። ሰው ለማሰር ቢሆን ጣሳውን ባላስፈታሁ። መዝጊያው ኖሮም ወራጁ እንዲህ ከሆነ፣ ዛሬ ባይሄድ ለከርሞ ይሄድ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ይቺን ጣሳ ያየ ቢኖር ጊደሯ ዛሬ ሣር ላይ ናት።»

ሽማግሌዎቹ ተማከሩና እንዲህ አሉ። ጊደሯን ሚስማር ያቃና ቤት ሁሉ አዋጥቶ ይክፈል። ያላቃና ቤት አንድ ብቻ ነበረ። እናቲቱ እልል አለች፤ በልጇ የኮራችበት የመጀመሪያው ቀን ነው፣ ምናልባትም የመጨረሻው።

ከዚያ ሽማግሌው ባልቴቷ ጎጆ ውሰዱኝ አሉ። ገብተው እጃቸውን ወደ ጣሪያው ሰደዱ። ሣሩ ከማገሩ፣ ማገሩ ከወራጁ፣ ወራጁ ከግድግዳው ራስ፣ እሱም ከቋሚው ጋር በልጥ ታስሯል። ቋሚው ጉድጓድ ውስጥ በድንጋይ ተጠቅጥቋል። ሚስማር የላትም።

«ማን አሠራት?»

«ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና። እኔ ልጡን እያራስኩ አቀብለው ነበር» አሉ ባልቴቷ።

አዳራሹ እንደገና ሲሠራ ወጣቱ አናጢ ከቆርቆሮ ሚስማሩ ይልቅ ሽቦ አበዛ። ማገሩን ከወራጁ፣ ወራጁን ከቋሚው በሽቦ ጠፈረ፤ ቋሚውንም ዝቅ አድርጎ ቀበረ። እንጨቱ እስኪደርቅ ድረስ ብዙ ጁምዓ አለፈ፤ ሰውም አማው። መዝጊያዎቹ ተመለሱ። ሰነፉም ልጅ ሹመት አገኘ። ንፋስ ካለፈ በኋላ ማንም ምንም ሳይነካ ዞሮ ማየትና ከየት የተነሣው የት እንደወደቀ በከሰል ምልክት ማድረግ የሱ ሥራ ሆነ። ሥራው ዞሮ ማየት ብቻ ስለነበረ ተስማማው።

በተከታዩ ዓመት ንፋሱ መጣ። ከበሩ ጥግ ሁለት ቆርቆሮ ነቀለ። ልጁ ለቀመ፤ በዚህ ጊዜ ፀሐይ ላይ ያለውንም ጭምር። ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ።

ተረት ነውና ቅሬውን ከከሚሴ አካባቢ የሚፈልግ አያገኘውም። በማሰሪያው ዙሪያ ደክሞ የተሰነጠቀ ቆርቆሮ ግን በእውን ያዩ ሰዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1974 በፈረንጆች ገና ሌሊት ትሬሲ የሚባል አውሎ ነፋስ አውስትራሊያ ውስጥ ዳርዊን ከተማን መታ። የንፋስ መለኪያው ራሱ ከመሰበሩ በፊት የመዘገበው በሰዓት 217 ኪሎ ሜትር ነበር። 66 ሰው ሞተ፤ ከ30 ሺህ በላይ ነዋሪ ከተማዋን ለቅቆ ወጣ። ጆርጅ ዎከር የሚባል መሐንዲስ ፍርስራሹን መረመረ። የብዙው ቤት ቆርቆሮ የሄደው በአንድ ከባድ ግፊት አልነበረም። ንፋሱ ደጋግሞ ሲያነሣውና ሲያስቀምጠው ማሰሪያው ዙሪያ ደክሞ፣ ተሰንጥቆ፣ ከዚያ ነው የተለቀቀው። ቆርቆሮው ለገበያ ሲቀርብ ተፈትኖ ነበር፤ ፈተናው ግን አንድ ጊዜ መጫን ነበር። ከዚያ በኋላ በዳርዊን የሚሸጥ ቆርቆሮ ሲፈተን አስር ሺህ ጊዜ እንዲጫንና እንዲለቀቅ ተወሰነ።

እንደ ዎከር ያሉ የንፋስ መሐንዲሶች በዓለም አቀፍ ደረጃ መሰብሰብ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1963 በእንግሊዝ አገር ቴዲንግተን ላይ ነው። በሁለተኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1965፣ እዚያው እንግሊዝ ፌሪብሪጅ በሚባል የኃይል ማመንጫ ከቆሙት ስምንት የማቀዝቀዣ ማማዎች ሦስቱ በንፋስ ወደቁ። ማማው ሲነደፍ ለብቻው ቆሞ ተፈትኖ ነበር። ስምንት ሆነው ሲቆሙ የፊተኛው ንፋሱን ለኋለኛው እያጠማዘዘ እንደሚልክ ያወቁት ከወደቁ በኋላ ነው። ይህን ያልኩት ስብሰባው ከንቱ ነበር ለማለት አይደለም። ከዚያ በኋላ በየአራት ዓመቱ ሲሰበሰቡ ከሚነጋገሩበት አንዱ የወደቀው ነው።

ለእኛ ቅርብ የሆነው ምሳሌ የንፋስ አይደለም። ከከሚሴ በስተደቡብ፣ በዚያው አስፋልት ላይ ካራቆሬ አለች። በ1953 ዓ.ም. ግንቦት ማብቂያና ሰኔ ላይ መሬቱ ደጋግሞ ተናወጠ፤ ጎረቤቷ ማጀቴ ፈረሰች። ያን ጊዜ በአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ ጣቢያውን ይመሩ የነበሩት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ቄስ ፒየር ጉዊን ነገሩን አልተዉትም። የት ምን ያህል እንደተናወጠ፣ ምን እንደወደቀ መዝግበው እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ውስጥ አስገቡት። ዛሬ መሐንዲስ በዚህ መስመር ሕንፃ ሲነድፍ ለመንቀጥቀጥ የሚያስበው እንዲህ ካለው መዝገብ በተሠራ ካርታ ነው። ንፋስ ለነቀለው ጣሪያ ግን እንዲህ ያለ መዝገብ መያዝ ልማዳችን አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የሕንፃ ኮዳችን ለንፋስ መነሻ ያደረገው በሰከንድ 22 ሜትር ነበር፤ በሰዓት 79 ኪሎ ሜትር ገደማ። ይህ ፍጥነት 1,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ከሚሴ፣ አየሩ ሳሳ ብሎም፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ የ25 ኪሎ ያህል ግፊት ያመጣል። በጣሪያ ጥግና ጠርዝ ላይ ወደ ላይ የሚስበው ከዚህም እጥፍና ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። አንድ ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ግን አምስት ኪሎ አይሞላም። ወጣቱ አናጢ በክብደቱ ላይ የጣለውን እምነት ከዚህ ጋር አስተያዩት። ኮዱን ደግሞ አናጢ አያነብም፤ አብዛኛውን የአገራችንን ጣሪያ የሚመታው እሱ ሆኖ ሳለ። አዳማ ላይ እ.ኤ.አ. በ2012 የተመረቀው 51 ሜጋ ዋት የንፋስ ኃይል ማመንጫ ሲታሰብ ንፋሱ አስቀድሞ ተለክቷል። ለመብራት ስንል የለካነውን ለትምህርት ቤት ጣሪያ ለምን እንደምንተወው አይገባኝም።

በየዓመቱ የምንሰማው ዜና አንድ ዓይነት ነው። ንፋስ የቀላቀለ ከባድ ዝናብ የዚህን ያህል ቤት፣ የዚህን ያህል የመማሪያ ክፍል ጣሪያ አነሣ፤ ጉዳቱ በብር ይህን ያህል ነው። እርዳታው ቆርቆሮና ሚስማር ነው። ከየትኛው መጋጠሚያ እንደተለቀቀ የሚጠይቅ ጋዜጠኛ አልሰማሁም፤ የሚናገር ባለሥልጣንም አልሰማሁም። መማሪያ ክፍሉ ትምህርት እንዳይቋረጥ ተብሎ ቶሎ ይከደናል፤ ይህም ያስመሰግናል።

እንግዲህ መምህር፣ የቀበሌ ሊቀ መንበር፣ አናጢ ይህን የምታነቡ ሁሉ፦ ከከሚሴ በአስፋልቱ ወደ ሰሜን ሲወጡ ኮምቦልቻ ላይ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ፤ ሲቪል ምሕንድስናም ይሰጥበታል። በመጪው በልግ ወይም ክረምት መግቢያ ጣሪያ የተነሣበት ቤት ካለ፣ ጅጌ ከመጠራቱ በፊት ዙሪያውን በስልክ ፎቶ አንሡ። በሩና መስኮቱ ክፍት ይሁን ዝግ ጻፉ። ከየጥጉ የተለቀመውን ሚስማር ለየብቻ ጣሳ አድርጉት፤ በየጣሳው ላይ የጥጉን ስም ጻፉና ሳታቃኑ ወደዚያ ላኩት።